የቆዳ ጃኬት እድፍና የሐርጌሳ ሌጦ

ልብስ ገመናን ይሸፍናል፥ ክብርንም ይገልጣል። ከልብስ ሁሉ መካከል የቆዳ ጃኬት ዋጋው ከፍ ያለ፥ ዕድሜውም የረዘመ ስለ ሆነ፥ ባለቤቱ ከልብስነቱ ይልቅ እንደ ንብረት ይቈጥረዋል፤ አባት ለብሶት ለልጅ የሚተርፍበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ጠብታ ቅቤ ወይም አንዲት የእስክርቢቶ ሠረዝ ባረፈችበት ጊዜ፥ ብዙ ሰው ወዲያው ሙቅ ውሃና ሳሙና ያነሣል፤ አጥብቆም ይፈትገዋል። በማግሥቱ ነጠብጣቡ የነበረበት ስፍራ ደርቆ፥ ገርጥቶና ተሰነጣጥቆ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ጃኬቱን ያበላሸው ቅቤው አይደለም፤ ማስለቀቂያ ተብሎ የተደረገበት ነገር ነው።

ይህ ጉዳይ በሐርጌሳ ከተማ ልዩ ትርጕም አለው። ሐርጌሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ስለ ሆነች፥ ሶማሌዎች ጂላል በሚሉት ደረቅ ወቅት፥ ይኸውም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፥ ሌሊቱና ማለዳው ይቀዘቅዛል። ከቶጎ ውጫሌ ጭነት ይዞ ሌሊት የሚገሠግሠው ሾፌር፥ በማለዳ ወደ ከብት ገበያ የሚወርደው ደላላ፥ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚሄደውም ሹም ብርድ የሚመክት ልብስ ይፈልጋሉ። የቆዳ ጃኬት ደግሞ ነፋስን በመከላከል የሚተካከለው ልብስ ጥቂት ነው።

ነገር ግን ሐርጌሳን ከሌሎች ጃኬት ለባሽ ከተሞች የሚለያት አንድ ነገር አለ። ለጃኬትና ለእጅ ጓንቲ በዓለም ገበያ ከሚመሰገኑት የበግ ቆዳዎች አንዱ የሚገኘው እርሷን ከከበበው የግጦሽ መሬት ነው። ስለዚህ የእድፍን ነገር ከትከሻው ላይ ብቻ ሳይሆን ከቄራው ጀምሮ መመልከት ለነጋዴውም ለአስተዳዳሪውም ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቆዳ ጨርቅ አይደለም

ጨርቅ ተፈትሎ የተሸመነ ክር ነው፤ ቆዳ ግን አንድ ጊዜ ሕይወት የነበረው ገላ ነው። በውስጡ ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ቃጫ በሚመስሉ እጅግ ደቃቅ ክሮች ተጠላልፎ ይገኛል፤ በክሮቹም መካከል ውሃ፥ ቅባትና ቀለም የሚሰርጉበት ክፍተት አለ። ጨርቅ ያደፈ እንደ ሆነ ውሃው በአንድ ወገን ገብቶ እድፉን ይዞ በሌላው ወገን ይወጣል። በቆዳ ላይ የፈሰሰ ውሃ ግን እድፉን ይዞ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፥ በዚያም ይቀራል። የብዙ ሰው ስሕተት የሚጀምረው ይህን ልዩነት ካለማስተዋል ነው።

ጥሬ ቆዳ እንዳይበሰብስ የሚያደርገው ማልፋት ነው። ሶማሌዎች አሰል በሚሉት የዛፍ ቅርፊት፥ የደጋው ኢትዮጵያ ፋቂዎችም በየአገራቸው ቅጠልና ቅርፊት ለብዙ ዘመን ሲያለፉ ኖረዋል። በ1884 ኦገስተስ ሹልትዝ የተባለ ሰው በአሜሪካ አገር በክሮም ጨው የማልፋትን ዘዴ አስመዝግቦ የባለቤትነት መብት ካገኘ በኋላ ዘዴው እየተሻሻለ ሄዶ፥ ዛሬ ለልብስ የሚሆነው ስስ ቆዳ በአብዛኛው በክሮም የሚለፋ ሆኗል። ቆዳው ከለፋ በኋላ ፋብሪካው እንዲለሰልስ ዘይት ያጠጣዋል፥ ቀለምም ያስገባበታል።

እንዲህ የተዘጋጀ ቆዳ ጥቂት የኮምጣጣነት ጠባይ አለው። ሳሙና፥ የልብስ ማጠቢያ ዱቄትና በረኪና ደግሞ የኮምጣጣ ነገር ተቃራኒ ናቸው። ስለዚህ ሳሙና ቆዳ ላይ በተፈተገ ጊዜ ሁለት ጉዳት ያደርሳል፤ አንደኛ፥ ፋብሪካው ያጠጣውን ዘይት አውጥቶ ቆዳውን ያደርቀዋል፤ ሁለተኛ፥ ቀለሙን ከክሮቹ ያላቅቃል። ሙቅ ውሃ ከተጨመረ ቆዳው ሊኰማተር ይችላል። ጃኬቱ በውሃ ከተዘፈዘፈ በኋላ በፀሐይ ከተሰጣ፥ ወደ ቀድሞው ሁኔታው የሚመልሰው ባለሙያ አይገኝም።

እድፍ ይለቅ እንደ ሆነና እንዳልሆነ የሚወስነው ከእድፉ ዓይነት ይልቅ የቆዳው አጨራረስ ነው። አንዳንዱ ቆዳ ፊቱ በቀለም ልባስ የተሸፈነ ነው። ይህ ልባስ በግድግዳ ላይ እንደ ተቀባ ቀለም ስለ ሆነ፥ እድፉ ከልባሱ በላይ እስካለ ድረስ ብዙ ሳያስቸግር ይነሣል። ሁለተኛው ዓይነት ልባስ የሌለው፥ ቀለም እንዲጠጣ ብቻ የተደረገው ነው፤ የበጉ የፀጉር ቀዳዳ ሳይቀር በፊቱ ላይ ይታያል፥ ሲዳሰስ ይለሰልሳል፥ የነካውንም ሁሉ ይጠጣል። ሦስተኛው ሱዌድ የሚባለው፥ የሥጋው ወገን ተፍቆ እንደ ከፋይ ለስላሳ እንዲሆን የተደረገው ነው፤ እርሱ ውሃንም ቅባትንም የሚፈራ ነው።

እነዚህን መለየት ለማንም አያስቸግርም። ከጃኬቱ ስውር ስፍራ፥ ለምሳሌ ከኮሌታው ሥር፥ አንድ ጠብታ ንጹሕ ውሃ ማኖር ነው። ጠብታው እንደ ጤዛ ተንከባልሎ ከቆየ ቆዳው ልባስ አለው፤ ወዲያው ሰርጎ ስፍራውን ካጠቈረው ልባስ የለውም። ማንኛውንም ማስለቀቂያ ከመጠቀም በፊትም በዚያው ስውር ስፍራ በነጭ ጨርቅ መሞከር ይገባል። ጨርቁ የጃኬቱን ቀለም ይዞ ከመጣ፥ ያ ማስለቀቂያ ለዚያ ጃኬት አይሆንም ማለት ነው።

እያንዳንዱ እድፍ እንደ ጠባዩ

ከሐርጌሳ ማእድ ቅቤ አይጠፋም። ለሠርግ የሚቀርበው ኦድካዕ፥ ይኸውም ተከትፎ ደርቆ በንጥር ቅቤ የተቀመጠው ሥጋ፥ የእንግዳውን እጅ ብቻ ሳይሆን የእጅጌውንም ጫፍ ይነካል። ቅቤ ቆዳ ላይ ሲንጠባጠብ ውሃ ፈጽሞ ማቅረብ አይገባም። ከላይ ያለውን በደረቅ ጨርቅ ሳይጫኑ ማንሣት፥ ቀጥሎም ታልክ የተባለውን ለሕፃናት ገላ የሚሆን ዱቄት ነስንሶ ማሳደር ነው። ዱቄቱ ቅባቱን ይመጥጣል፤ ጧት በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል፥ አስፈላጊ ከሆነም ይደገማል። ጥቂት ቅባት ቢቀር ከቀናት በኋላ በቆዳው ውስጥ ተሠራጭቶ ከዓይን ሊጠፋ ይችላል፤ ፋብሪካው ራሱ ቆዳውን ዘይት አጠጥቶታልና።

ሻይና ጫት አንድ ወገን ናቸው። ሁለቱም ታኒን የተባለው ቆምጫጭ ነገር አለባቸው፤ ይህም በዛፍ ቅርፊት ውስጥ ሆኖ ቆዳ የሚያለፋው ያው ነገር ነው። ከአወዳይ ተጭኖ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ሐርጌሳ የሚገባውን ጫት ሲቅም የዋለ ሰው፥ አረንጓዴ ጭማቂ በጃኬቱ ደረት ላይ ቢያገኝ አይደንቅም። ትኵስ ከሆነ በንጹሕ ውሃ እርጥብ በተደረገ ጨርቅ ማንሣት ይበቃል። ከብረት ጋር እንዳይገናኝ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ታኒንና ብረት በእርጥበት ሲገናኙ ጥቁር ቀለም ይወጣቸዋል፤ በጥንት ዘመን በአውሮፓ የመጻፊያ ቀለም ይሠራ የነበረው በዚሁ ጥበብ ነው። እንግዲህ የሻይ ነጠብጣብ ያለበትን እርጥብ ጃኬት በዛገ ሚስማር ላይ የሚሰቅል ወይም በብረት ሽቦ የሚፈትግ ሰው፥ ቡናማውን እድፍ በገዛ እጁ ጥቁር ያደርገዋል።

ወተትና ደም ፕሮቲን ስላላቸው ሙቅ ውሃ ሲነካቸው ይረጋሉ፥ ከክሮቹም ጋር ይጣበቃሉ። ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃ እርጥብ በተደረገ ጨርቅ፥ ከዳር ወደ መካከል ብቻ፥ ሳይፈትጉ ማንሣት ይገባል።

ከሁሉ የሚብሰው ሂና ነው። በበዓልና በሠርግ ጊዜ የሴቶችን መዳፍ የሚያስጌጠው የሂና ቅጠል ቀለሙ ከፕሮቲን ጋር የመዋሐድ ኀይል አለው። በመዳፍ ላይ ለቀናት የሚቆየውም ስለዚሁ ነው። የሰው መዳፍ በየጊዜው አዲስ ቆዳ ስለሚያወጣ ሂናው ቀስ በቀስ ይለቃል፤ የጃኬት ቆዳ ግን ራሱን አያድስም። ስለዚህ እርጥብ ሂና ልባስ በሌለው ቆዳ ላይ ደርቆ ከቆየ አይለቅም። አስለቅቃለሁ የሚል ቢነሣ ቀለሙን ከነቆዳው ፊት መፋቁ ነው። በዚህ ጊዜ የሚሻለው ጃኬቱን በሙሉ ለባለሙያ ሰጥቶ ይበልጥ በጠቈረ ቀለም ማስነከር፥ አለዚያም እንዳለ ለብሶ መኖር ነው።

የእስክርቢቶ ቀለም የመሥሪያ ቤት ሰው የታወቀ ጠላት ነው። አልኮል ቀለሙን ያሟሟዋል፤ ነገር ግን የቆዳውንም ልባስ እንዲሁ ያሟሟዋል። ልባስ ባለው ቆዳ ላይ፥ ሠረዙ አዲስ ከሆነ፥ በስውር ስፍራ ከተሞከረ በኋላ በአልኮል ጥቂት የረጠበ ጥጥ በሠረዙ ላይ ሳይፈትጉ ማንከባለል ይቻላል፤ ጥጡ ቀለም በያዘ ቍጥር መለወጥ አለበት። ልባስ በሌለው ቆዳ ላይ ግን ከመጀመሪያው ለባለሙያ መተው ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፥ ቤንዚንና የሎሚ ጭማቂ በማንኛውም የቆዳ ጃኬት ላይ መዋል የለባቸውም፤ የመጀመሪያው ልባሱን ያቀልጣል፥ ሁለተኛው ዘይቱን ያወጣል፥ ሦስተኛው ቀለሙን ያነጣል።

ላብና የገላ ቅባት ቀስ ብለው የሚገቡ እድፎች ናቸው። ኮሌታውና የእጅጌው ጫፍ በመጀመሪያ ያብለጨልጫሉ፥ በኋላም ይጠቍራሉ፥ በመጨረሻም ይደርቃሉ። ሶማሌዎች በአንገታቸው የሚጠመጥሙት ሻሽ ለዚህ ጥሩ መከላከያ ነው፤ ሻሽ ይታጠባል፥ ኮሌታ ግን አይታጠብም። በየሁለት ሳምንቱ ኮሌታውን እርጥብ ተደርጎ በተጨመቀ ጨርቅ መጥረግ፥ በዓመት አንድ ጊዜም ለቆዳ ተብሎ የተሠራ ክሬም በስሱ መቀባት ዕድሜውን ያረዝማል።

ስለ ውሃውም አንድ ቃል መናገር ያሻል። የሐርጌሳ ዋናው የውሃ ምንጭ በ1970ዎቹ በቻይና ርዳታ የተሠራው የገድ ደብሌ የጕድጓድ ውሃ ነው። የጕድጓድ ውሃ ከምድር ያሟሟውን ማዕድን ስለሚይዝ ሲደርቅ በጥቁር ቆዳ ላይ ነጭ ክብ ሊተው ይችላል። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ፥ አሲድ ያልተጨመረበት መሆኑ ከተረጋገጠ፥ ለዚህ ሥራ እጅግ የተሻለ ነው። በማናቸውም ጊዜ የረጠበ ጃኬት በወፍራም መስቀያ ተሰቅሎ በጥላ መድረቅ አለበት።

ጃኬት ለሚያስመጣ ነጋዴ ደግሞ ሻጋታ የሚያሠጋ ነገር ነው። የበርበራ ጠረፍ ሙቀትና የባሕር እርጥበት ያለበት ስለ ሆነ፥ በላስቲክ ተጠቅልሎ በኮንቴይነር ውስጥ የቆየ ቆዳ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ለብሶ ሊገኝ ይችላል። ይህ ሁልጊዜ ሻጋታ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ በቆዳው ውስጥ ያለው ቅባት ወደ ላይ ወጥቶ የረጋ ነው። ሁለቱን የሚለየው ሙቀት ነው። የጣት ሙቀት ወይም ሞቅ ያለ አየር ሲነካው ቀልጦ ከጠፋ ቅባት ነው፥ ጉዳትም የለውም፤ ካልጠፋና የምድር ቤት ሽታ ካለው ሻጋታ ነው። ሻጋታ የያዘው ጃኬት ከሌሎቹ ተለይቶ ከቤት ውጭ በደረቅ ብሩሽ መራገፍና ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ መሰቀል ይገባዋል። ሐርጌሳ ከበርበራ ይልቅ ደረቅ አየር ስላላት፥ ዕቃውን በጠረፍ መጋዘን ከማቈየት ይልቅ ቶሎ ወደ ደጋው ማውጣት ራሱ ግማሽ መድኃኒት ነው።

ከመሰፋቱ በፊት የገባ እድፍ

እስካሁን የተነገረው ጃኬቱ ከተሰፋ በኋላ ስለሚያርፍበት እድፍ ነው። ማንም የላውንደሪ ባለሙያ የማያስለቅቀው ሌላ ዓይነት እድፍ ደግሞ አለ፤ እርሱም ቆዳው ከበጉ ገላ ከተለየበት ሰዓት ጀምሮ የገባው ነው።

ራሱ ጥቁር፥ ገላው ነጭ የሆነው የሶማሌ በግ ሱፍ የለውም፤ አጭር ፀጉር ብቻ አለው። ሱፍ የሚያበቅል በግ ቆዳው ልል ይሆናል፤ ፀጉር የሚያበቅለው ግን ክሮቹ የጠበቁ፥ ፊቱም የለሰለሰ ስለ ሆነ ስስ ተደርጎ ቢሠራ እንኳ ጥንካሬ አለው። ለጓንቲና ለጃኬት የሚፈለገውም ስለዚህ ነው። ይህ በግ በ19ኛው ምዕተ ዓመት በመርከብ ወደ ደቡብ አፍሪካ ደርሶ በዚያ የፋርስ በግ የሚል ስም ወጣለት። ዛሬ በዓለም የታወቀው ዶርፐር የተባለው የሥጋ በግ የተገኘው ከእርሱና ዶርሴት ሆርን ከተባለው የእንግሊዝ በግ ነው።

የቆዳው ንግድም የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1854 እና በ1855 ወደዚህ አገር በመጣ ጊዜ፥ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ ይቆም የነበረው የበርበራ ገበያ ቆዳ፥ ቅቤ፥ ሙጫና ከብት ባሕር አሻግሮ ይልክ ነበር። እንግሊዞች በ1839 ዓደንን ከያዙ ወዲህ የዚያ ጦር ሰፈር ሥጋ በአብዛኛው ከዚህ ጠረፍ የሚሻገር ነበር። በ1941 የአስተዳደሩ መቀመጫ ከበርበራ ወደ ሐርጌሳ ከተዛወረ በኋላም ሌጦ ከከብት ቀጥሎ ከአገሩ ዋና ዋና የንግድ ዕቃዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል።

እንዲህ ያለውን መልካም ቆዳ የሚያበላሹት ነገሮች በሙሉ ከሰው እጅ የሚመጡ አይደሉም። የግራር እሾህ የጫረው፥ መዥገር የነከሰው ስፍራ ጠባሳውን ይዞ ወደ ፋብሪካ ይደርሳል። በደጋው ኢትዮጵያ ደግሞ ቅማልና መዥገር መሰል ተባዮች የሚያመጡት፥ በቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ እከክ የተባለው ነጠብጣብ፥ የበግን ሌጦ ዋጋ ሲያወርድ ኖሯል። ነገር ግን ብዙው ጉዳት ከእርድ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት የሚደርስ ነው።

በጉ ደሙ በሚገባ ተንጠፍጥፎ ካልወጣ፥ በደም ሥሮቹ ውስጥ የቀረው ደም በለፋው ቆዳ ላይ የዛፍ ሥር የመሰለ መስመር ይሥላል። በቢላ የተገፈፈ ሌጦ እዚህም እዚያም ይቈረጣል፤ ሥጋና ቆዳውን በጡጫ እያላቀቁ የገፈፉት ግን ንጹሕ ይሆናል። በምድር ላይ ተዘርግቶ በፀሐይ የደረቀ ሌጦ ፊቱ ይቃጠላል፥ ስለዚህም ሲለፋ ውሃ አይቀበልም። ስቡ ሳይፋቅ የቀረ እንደ ሆነ ቅባቱ ወደ ውስጥ ሰርጎ ቀለም እንዳይዝ ያደርጋል። የኢትዮጵያ ብራና ፋቂዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ስቡ ያልወጣ ብራና ቀለም አይቀበልም፥ ጸሓፊውም ይቸገራል።

ጨውም ራሱ እድፍ ሊያመጣ ይችላል። እርጥብ ሌጦ እንዳይበሰብስ ከክብደቱ ከመቶ 30 እስከ 40 የሚሆን ጨው ያስፈልገዋል፤ የሚነሰነሰውም በዚያው ዕለት መሆን አለበት። በፀሐይ ከሚደርቅ የባሕር ውሃ የሚገኘው ጨው ጨውን ወዳድ የሆኑ ደቃቅ ሕያዋንን ይዞ ስለሚመጣ፥ ሙቀት ሲያገኝ ሌጦውን ቀይ ነጠብጣብ ያለብሰዋል። ቀዩ ነጠብጣብ የብስባሴ መልእክተኛ ነው። አንድ ጊዜ ያገለገለውን ጨው ለሁለተኛ ሌጦ መነስነስም ይህንኑ በሽታ ማዛመት ነው። በመጨረሻም የዛገ በርሜልና የብረት ሽቦ አሉ። በሻይ እድፍ ጊዜ የተነገረው የብረትና የታኒን ጠባይ እዚህም ይሠራል፤ ዝገት የነካው ሌጦ በቅርፊት ሲለፋ ጥቁር ነቍጥ ይወጣበታል።

ፋብሪካው እንዲህ ያለ ሌጦ ሲደርሰው አይጥለውም፤ ደረጃውን ዝቅ ያደርገዋል። ነቍጥ የሌለበት ሌጦ ልባስ ሳያስፈልገው ፈዘዝ ባለ ቀለም ተነክሮ ውድ ጃኬት ይሆናል። ነቍጥ ያለበት ግን ፊቱ ተፍቆ በወፍራም ልባስ ይሸፈናል፥ ጥቁርም ይቀባል። ጃኬት ገዢ ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ ፈዛዛው ጃኬት የተወደደው የሚሸሽገው ነገር ስለሌለ ነው። ጥቁሩ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ልባሱ ለሾፌርና ለመንገደኛ እድፍን ስለሚችል ይመረጣል። ነጋዴውም ለደንበኛው የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ነግሮ መሸጡ ክብሩ ነው።

የገንዘቡ ነገር

የሶማሌ በግ ቆዳ ብዛት የሚያንሰው አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንዳስታወቀው፥ በ2014 ከሶማሌ ወደቦች ወደ ውጭ የተላከው የቁም ከብት 5 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ ከዚህም 4.6 ሚሊዮኑ በግና ፍየል ነው። የበርበራ ወደብ ከዋነኞቹ መውጫዎች አንዱ ነው። እነዚህ በጎች ከነቆዳቸው በአብዛኛው ወደ ዓረብ አገር ይሻገራሉ፤ ስለዚህ የሌጦው ጥቅም ከሥጋው ጋር ባሕር ይሻገራል ማለት ነው። በቁም ከብት ብቻ መታመን የሚያስከትለውንም ጉዳት አገሩ ቀምሶታል፤ ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኵሳት ምክንያት በ2000 የጣለችው እገዳ እስከ 2009 ቆይቶ አርብቶ አደሩንና ነጋዴውን አስጨንቋል።

ለሐርጌሳ የሚቀርላት በከተማው ቄራና በየመንደሩ የሚታረደው ከብት ሌጦ ነው። ቍጥሩ ከሚሻገረው ያነሰ በመሆኑ እንክብካቤ ይበልጥ ያስፈልገዋል፤ የዓለም የቆዳ ዋጋ ባለፉት ዓመታት በመውደቁም ዝቅተኛ ደረጃ ያለውን ሌጦ የሚገዛ ሰው እየጠፋ ሄዷል። ኢትዮጵያ ጥሬ ቆዳ በአገር ውስጥ እንዲሠራ በማሰብ በ2008 በሚላከው ላይ ከመቶ 150 ቀረጥ ጥላለች። በሞጆና በሌሎች ከተሞችም ብዙ የቆዳ ፋብሪካዎች ቆመዋል። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ በበዓል ማግሥት የበግ ሌጦ በየመንገዱ ዳር ተጥሎ መታየቱ አልቀረም። ትናንት የቤት እመቤቷ ለልጆቿ ደብተር መግዣ ታደርገው የነበረው ሌጦ ዛሬ ለውሻ የተተወ ሆኗል። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በቢላ የተቈራረጠና ጨው ያላገኘ ሌጦ በማንኛውም ዘመን ቢሆን ዋጋ አላወጣም።

እንግዲህ የአስተዳዳሪው ድርሻ ግልጽ ነው። ለቄራ ፍሳሽ የሚወጣበት የሲሚንቶ ወለል፥ ለሌጦ ማድረቂያ ጥላ ያለው የእንጨት ቋሚ፥ በዕለቱ የሚነሰነስ አዲስ ጨው፥ ለአራጆችም በጡጫ የመግፈፍን ሥራ የሚያሳይ አንድ ሰው ማዘጋጀት ታላቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።

የነጋዴው ድርሻ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ነጋዴው የተቈረጠውንና ያልተቈረጠውን፥ ቀይ ነጠብጣብ ያለበትንና የሌለበትን ሌጦ በአንድ ዋጋ ቈጥሮ የሚገዛ ከሆነ፥ አራጁ የሚጠነቀቅበት ምክንያት የለውም። ለንጹሑ ጨምሮ፥ ለተበላሸው ቀንሶ ቢከፍል ግን ከማንኛውም ደንብና ትምህርት ይልቅ አራጁን የሚያስተምረው ያ ልዩነት ነው። በደረጃ የተለየ ሌጦ ለፋብሪካ ሲቀርብም የሐርጌሳ ነጋዴ ዋጋ ተቀባይ ብቻ ሳይሆን ዋጋ ተከራካሪ ይሆናል።

አሁን ያለው አካሄድ ሲታይ ግን ነገሩ የሚያሳዝን ነው። አንድ በግ ከዚህ መሬት ተነሥቶ በሌላ አገር ይታረዳል፥ ቆዳው በሌላ አገር ይለፋል፥ በሌላ አገር ይሰፋል። በመጨረሻም ጃኬት ሆኖ በበርበራ በኩል ሊመለስና ሌጦው ካወጣው ዋጋ ብዙ እጥፍ ሊሸጥ ይችላል። በሐርጌሳ የታረደው ወንድሙ ደግሞ ሌጦው ተቈራርጦ ይጣላል።

እድፍ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በጃኬቱም ሆነ በሌጦው ላይ ትምህርቱ አንድ ነው። ቆዳ የነካውን አይረሳም፤ በመጀመሪያዋ ሰዓት በቀስታ የተነሣ ነገር ይለቃል፥ ችላ ተብሎ የቆየው ግን እስከ መጨረሻው ይኖራል። ቅቤ የነካው እጅጌ ያን ሌሊት ዱቄት ይሻል፥ የታረደውም በግ ሌጦ ያን ቀን ጨው ይሻል። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም።